በሁለት ባላንጣዎች ቤት የሠራው ሉዊስ ላቲመር

አምፑልን ማን ፈለሰፈው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ቶማስ ኤዲሰን ብለን እንመልሳለን። ነገሩ ግን በአንድ ሰው ስም የሚያልቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን፥ በአሜሪካ ደግሞ ኤዲሰንና ሃይረም ማክሲም በአንድ ዘመን ለዚሁ ብርሃን ይሽቀዳደሙ ነበር። ዛሬ የምናወሳው በማክሲምም በኤዲሰንም ቤት የሠራውን፥ በአገሩ የታወቀውን ጥቁር አሜሪካዊ ሉዊስ ላቲመርን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆቹ ጆርጅና ርብቃ በቨርጂኒያ ባሪያዎች ነበሩ። በ1842 ወደ ቦስተን ኮበለሉ። ጌታው ተከታትሎ ጆርጅን ቢያሳስረውም ደጋፊዎቹ 400 ዶላር ከፍለው ነፃ አወጡት። ሉዊስ በ1848 ቦስተን አጠገብ በምትገኘው በቼልሲ ተወለደ።

በ1864፥ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፥ ገና ልጅ ሳለ ባሕር ኃይል ገባ። ሲመለስ በአንድ የፓተንት ጠበቆች ቢሮ በሳምንት 3 ዶላር ተላላኪ ሆነ። ነዳፊዎቹ ሲሠሩ እያየና ራሱን እያስተማረ ሙያውን ቀሰመ፤ በኋላም የነዳፊዎቹ አለቃ ለመሆን በቃ።

በ1880 ማክሲም ቀጠረው። በዚያን ጊዜ የአምፑል ትልቁ ችግር በውስጡ ያለው የከሰል ክር ነበር። ክሩ በእሳት ሲከስል እየተጣመመና እየተሰበረ አስቸገረ። ላቲመር ክሩን በካርቶን ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርጎ ማክሰልን ዘየደ። ካርቶኑና ክሩ እኩል ስለሚሰፉና ስለሚኮማተሩ ክሩ ሳይሰበር ይወጣል። ለዚህም ሥራው በ1882 ፓተንት ተሰጠው። በኒውዮርክ፥ በሞንትሪያልና በለንደንም የመብራት ተከላ መርቷል።

በ1884 ወደ ኤዲሰን ኩባንያ ተዛወረ። ኩባንያው ከተፎካካሪዎቹ ጋር፥ የማክሲምን የቀድሞ ኩባንያ ጨምሮ፥ ስለ አምፑሉ በፍርድ ቤት ሲከራከር ላቲመር በባለሙያነት አገለገለ። በ1892 ለኤዲሰን ተፈረደለት። ላቲመር በ1890 ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ ጽፏል፤ በኒውዮርክም ለስደተኞች ንድፍና እንግሊዝኛ አስተምሯል። በ1928 በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

አንዳንዶች ስሙ መረሳቱ ቢያሳዝናቸው አምፑልን የፈለሰፈው እርሱ ነው ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። ላቲመር የሌላውን ድርሻ መቀማት አያስፈልገውም፤ የራሱ ይበቃዋል። ለኤዲሰንም ሁሉን መስጠት እንዲሁ ስሕተት ነው። ስዋን በ1879 መጀመሪያ፥ ኤዲሰንም በዚያው ዓመት መጨረሻ አብርተው አሳይተዋል፤ ብርሃኑ ግን በየቤቱ እንዲገባ ክሩን የሚያጸናም፥ ሽቦውን የሚዘረጋም ያስፈልግ ነበር።

የአዋሽ ወንዛችንም ቢሆን ከ1960 ጀምሮ ወደ አፋር ከመውረዱ በፊት በቆቃ የኤሌክትሪክ ተርባይን አዙሮ ያልፋል። ከአዋሽ እስከ ገላፊ ያለን ወጣቶች ማብሪያውን ስንጫን የብዙ ሰዎችን ድካም እናስብ። ባለሙያን ስናመሰግንም ለእያንዳንዱ የሚገባውን፥ ሳንጨምርና ሳንቀንስ፥ መስጠት እንልመድ።