ሹበርትና ጓደኞቹ

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆች በባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ኪቦርድ ከበው የራሳቸውን ዘፈን ሲሞክሩ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። አንዱ ዜማ ያመጣል፣ ሌላዋ ግጥሙን ታቃናለች፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ እየመታ ምቱን ይይዛል። ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ ስናስብ ትዝ ያሉን እነዚህ ልጆች ናቸው። ከ200 ዓመታት በፊት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ እንደነሱ በጓደኞቹ ተከቦ ዘፈን የሚሠራ ወጣት ነበር። ፍራንዝ ሹበርት ይባላል። ዛሬ ስሙን የሙዚቃ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ በሕይወት ሳለ ግን ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁት በአብዛኛው አንድ ሳሎን የሚበቃቸው ወዳጆቹ ነበሩ።

ሹበርት የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 1797 ነው፤ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ መምህር ነበሩ፤ ትምህርት ቤታቸውም ቤተሰቡ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነበር። እናቱ 14 ልጆች ወልደው ያደጉላቸው 5 ብቻ ናቸው። ኑሮው ጠባብ ቢሆንም በዚያ ቤት ሙዚቃ እንደ ማዕድ የጋራ ነበር። አባት ቼሎ፣ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ቫዮሊን፣ ትንሹ ፍራንዝ ደግሞ ቪዮላ ይዘው አራት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አባትየው ሲስቱ ፍራንዝ በትሕትና ይጠቁማቸው እንደነበር ወንድሙ ፈርዲናንድ በኋላ ተርኳል።

በ1808፣ በ11 ዓመቱ፣ ፍራንዝ በድምፁ ተመርጦ የቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ዘማሪ ሆነ። በዚህም ምክንያት በነፃ የሚማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ተማሪዎቹ የራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ፣ በስምንት ዓመት የሚበልጠው ዮሴፍ ፎን ሽፓውን፣ ከኋላው ተቀምጦ አጥርቶ የሚጫወተው መነጽር ያደረገ ትንሽ ልጅ ማን እንደሆነ ለማወቅ ዘወር አለ። ቀስ በቀስ ሲቀራረቡ፣ ልጁ በድብቅ ሙዚቃ እንደሚደርስና የኖታ ወረቀት መግዣ እንደሌለው ተረዳ። ሽፓውን ብዙ አልተናገረም፤ ወረቀት እየገዛ ይሰጠው ጀመር። ልጁም ወረቀቱን በሚያስገርም ፍጥነት ይጨርሰው ነበር። በዚያ ዘመን በቪየና ታላቅ ስም የነበራቸው አንቶንዮ ሳሊየሪ ሹበርትን አስተምረውታል። እኛ ግን ከታላቁ መምህር እኩል ያንን የወረቀት እሽግ ማስታወስ እንወዳለን።

ሹበርት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በ1814 በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ትንንሾቹን ልጆች ማስተማር ያዘ። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ሥራውን አልወደደውም። ቢሆንም ትልልቆቹ ዘፈኖቹ የጀመሩት ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ በ17 ዓመቱ፣ ፈትል እየፈተለች ስለ ወዳጇ የምታስብ ልጃገረድን የጀርመናዊውን የጎተን ግጥም ወደ ዘፈን ለወጠው። ፒያኖው እንደ መፍተያው መንኮራኩር ይሽከረከራል፤ ልጅቷ በትዝታ ስትዋጥ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እንደገና ይነሣል። በቀጣዩ ዓመት በ1815 ከ140 በላይ ዘፈኖች ደረሰ። ከእነዚህ አንዱ አንድ አባት የታመመ ልጁን ታቅፎ በሌሊት በፈረስ ሲጋልብ የሚያሳየው ኤርልኮኒግ ነው። የፒያኖው ድምፅ እንደ ፈረስ ኮቴ ያለ ዕረፍት ይደበድባል፤ አንዱ ዘፋኝም ተራኪውን፣ አባቱን፣ ልጁንና ልጁን የሚያባብለውን መንፈስ፣ አራቱንም ሆኖ ይዘፍናል። ሽፓውን እንደሚያስታውሰው፣ በሹበርት ቤት ፒያኖ ስላልነበረ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ሮጠው በዚያው ምሽት ለጓደኞቻቸው አሰሙት።

በ1816 ሽፓውን ከእነዚህ ዘፈኖች የተወሰኑትን በጥንቃቄ አስገልብጦ ከአክብሮት ደብዳቤ ጋር ለጎተ ላከ። ጥቅሉ ያለ መልስ ተመለሰ። ታላቁ ሰው በሩን ባይከፍትም የጓደኞቹ በር አልተዘጋም። ፍራንዝ ፎን ሾበር የተባለው ወዳጁ የመምህርነቱን ሥራ ትቶ በነፃነት እንዲጽፍ ገፋፋው፤ በቤተሰቡ ቤትም አስጠጋው። ገጣሚው ዮሐን ማይርሆፈር አንዲት ክፍል አብሮት ተጋራ፤ ሹበርትም ብዙ ግጥሞቹን ዘፈን አደረገለት። በ1817 ደግሞ ሾበር ዮሐን ሚካኤል ፎግል የተባሉትን ዝነኛ የኦፔራ ዘፋኝ ለምኖ አመጣቸው። ፎግል ወደ 50 ዓመት የተጠጉ፣ ብዙ ያዩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብለው ኖታውን አገላበጡ፤ ውለው አድረው ግን የሹበርት ዘፈኖች ድምፅ እሳቸው ሆኑ።

ከ1821 ጀምሮ ወዳጆቹ የሚሰበሰቡባቸው ምሽቶች ስም ወጣላቸው፤ ሹበርቲያድ ይሏቸው ነበር። በአንዱ ወይም በሌላው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሹበርት ፒያኖ ይመታል፣ ፎግል ይዘፍናሉ፣ ገጣሚው ግጥም ያነባል፣ ሠዓሊው ሞሪትዝ ፎን ሽቪንት ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ከዚያ መብልና መጠጥ ይመጣል፤ ወንበሮቹ ይገፉና ጭፈራው ይቀጥላል። ሹበርት ራሱ አይጨፍርም፤ ለሚጨፍሩት እዚያው እየፈጠረ ይጫወትላቸዋል። በዘመኑ መንግሥት የወጣቶችን ስብስብ በጥርጣሬ ያይ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ1820 ፖሊስ የጓደኛቸውን የዮሐን ሴንን ቤት ሲፈትሽ ሹበርትም እዚያ ነበር። ሴን ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ከቪየና ተባረረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ልቡን የሚከፍትበት ሳሎን ቀላል ነገር አልነበረም።

ኤርልኮኒግን ለማሳተም አሳታሚዎች ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ደራሲው አይታወቅም፣ የፒያኖው ክፍልም ይከብዳል ብለው ፈሩ። በ1821 ወዳጆቹ የሕትመቱን ወጪ በመካከላቸው ሸፍነው የሹበርት የመጀመሪያ ሥራ ተብሎ እንዲታተም አደረጉ። ዘፈኑ ተሸጠ፤ በገቢውም ተከታዮቹ ታተሙ። ገንዘብ የመያዝ ልማድ ያልነበረው ሹበርት ግን ጥቂት ቆይቶ የእነዚህን ሥራዎች መብት በአንድ ጊዜ ክፍያ ለአሳታሚ ሸጠው።

ኑሮው ሁሉ ፈንጠዝያ እንዳይመስለን። በ1822 መጨረሻ ከባድ ሕመም ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ፍጹም ጤነኛ አልሆነም። ጓደኞቹም አንዱ ሲያገባ፣ ሌላው ለሥራ ሲርቅ ምሽቶቹ ሳሱ። በ1827 በሾበር ቤት ሰብስቦ የክረምት ጉዞ የተሰኙትን ዘፈኖች አሰማቸው፤ ተከታታዩ ሲሟላ 24 ዘፈኖች ሆኗል። ክረምቱ እኛ እንደምናውቀው የዝናብ ሳይሆን የበረዶ ክረምት ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ብቻውን ይጓዝበታል። ጓደኞቹ በሐዘኑ ክብደት ደነገጡ። ሾበር ከሁሉም የወደደው አንዱን ዘፈን ብቻ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረው። ሹበርት አልተቀየመም፤ ከሠራቸው ሁሉ እነዚህን አብልጦ እንደሚወድና እነሱም አንድ ቀን እንደሚወዷቸው ተናገረ። እንዳለውም ሆነ። ወዳጆቹ ለይሉኝታ ብለው አላጨበጨቡም፤ እሱም ስላላጨበጨቡለት ሥራውን አልጣለም። ይህን ያህል የሚተማመን ጓደኝነት ብርቅ ነው።

በሥራዎቹ ብቻ የተዘጋጀ አንድ የሕዝብ ኮንሰርት ያቀረበው በሕይወቱ አንዴ ነው፤ ማርች 26 ቀን 1828፣ ቤትሆቨን በሞተ ልክ በዓመቱ። አዳራሹ ሞላ፤ ገቢውም ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ፓጋኒኒ ወደ ቪየና ስለመጣ የጋዜጦቹ ወሬ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 19 ቀን ሹበርት በወንድሙ በፈርዲናንድ ቤት ዐረፈ። ዕድሜው 31 ነበር። ከ600 በላይ ዘፈኖች፣ ሲምፎኒዎችና ሌሎች ብዙ ድርሰቶች ትቶ አለፈ፤ አብዛኞቹ አልታተሙም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሁላችንም የሚያስተምር ነው። ፈርዲናንድ የወንድሙን ወረቀቶች ጠብቆ አቆየ፤ የሙዚቃ ደራሲው ሹማን ወደ ቪየና ሲመጣም አሳየው። በዚህ ምክንያት ታላቁ የሲ ሜጀር ሲምፎኒ በ1839 በላይፕዚግ በሜንደልስዞን መሪነት ተሰማ። ሌላው ወዳጅ አንሰልም ሂተንብረነር ግን ዛሬ ያላለቀው ሲምፎኒ የሚባለውን ሥራ ለዐሥርተ ዓመታት በቤቱ አስቀምጦ ኖረ። ለሕዝብ የተሰማው በ1865፣ ሹበርት ከሞተ ከ37 ዓመታት በኋላ ነው። የጓደኛን ሥራ መያዝ አደራ ነው፤ አደራም ካልወጣ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ሠዓሊው ሽቪንት ካረጀ በኋላ፣ በ1868፣ በሽፓውን ቤት የነበረውን አንድ ምሽት ከትዝታው ሣለ። ሹበርት ፒያኖው ላይ ነው፤ በአንድ ጎኑ ፎግል፣ በሌላው ጎኑ ሽፓውን ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን ወዳጆች ሞልተዋል። 40 ዓመት አልፎ ብዙዎቹ በሕይወት ባይኖሩም ሠዓሊው የማንንም ቦታ አልረሳም።

ኪቦርዱን የምትከቡ ልጆቻችን ሆይ፣ ዘፈናችሁን አሰሙን። የምታዳምጡም ብትሆኑ ሥራችሁ ቀላል አይደለም፤ ከመካከላችሁ ወረቀት የጎደለበት ካለ ዘወር ብላችሁ እዩት። እኛ ወላጆችና መምህራንም ክፍሉን ሳንቆልፍ ትንሽ እንቆይላችኋለን።