ዊልያም ዊልበርፎርስ ማን ነበር?

ባለፈው ሰሞን የክፍላችንን ተጠሪ ስንመርጥ ጥቂት ልጆች ኳስ ሜዳ ቀርተው ነበር። እጅ ተቆጥሮ ሲያልቅ ልዩነቱ ሦስት ብቻ ሆነና፣ ከሜዳ የመጡት ልጆች እስከ ማታ ሲነጫነጩ አመሹ። ያን ጊዜ ነው ይህ እንግሊዛዊ ትዝ ያለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1759 በሰሜን እንግሊዝ በሐል ወደብ ከሀብታም ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ቢሞትበትም ሀብት አላጣም። ካምብሪጅ ገብቶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጥናቱ ይልቅ ካርታ ጨዋታውን ያበዛ ነበር። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከዊልያም ፒት ጋር የተዋወቀው ግን እዚያው ነው።

በ1780፣ በ21 ዓመቱ፣ ሐልን ወክሎ ለሕዝብ ምክር ቤት ተወዳደረ። 1126 ድምፅ አገኘ፤ ይህም የሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ድምፅ ተደምሮ የሚሆነውን ያህል ነው። ታዲያ ለዚህ ከ8000 ፓውንድ በላይ አውጥቷል! በዚያን ጊዜ ለመራጭ መደገስና ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነበር። ድምፅም የሚሰጠው በሰው ፊት ነው፤ ምስጢራዊ ድምፅ እንግሊዝ አገር የገባው በ1872 ነው። ሴቶችና አብዛኛው ድኻ ሕዝብ ደግሞ ጭራሽ አይመርጡም።

ዊልበርፎርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠባዩን ለወጠ፤ ሃይማኖተኛ ሆነ። በ1787 ቶማስ ክላርክሰንና ጓደኞቹ የባሪያ ንግድን የሚቃወም ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ነገሩን ፓርላማ ውስጥ የሚያነሣላቸው እርሱ ሆነ። ክላርክሰን በየወደቡ እየዞረ መርከበኞችን ይጠይቃል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ዊልበርፎርስ ደግሞ ያንን ይዞ ይከራከራል።

አንድ ረቂቅ እዚያ አገር ሕግ የሚሆነው በሕዝብ ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተነቦ፣ በመካከሉም በኮሚቴ ተመርምሮ፣ ከዚያ በላይኛው የመሳፍንት ምክር ቤት እንዲሁ አልፎ፣ በመጨረሻ ንጉሡ ሲፈቅድ ነው። ከነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ከወደቀ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ዊልበርፎርስም ስንት ጊዜ ከሀ ጀመረ መሰላችሁ! በ1791 ረቂቁን ለማቅረብ ፈቃድ ጠይቆ 163 ለ88 ተሸነፈ። በ1792 ከየአገሩ 519 አቤቱታዎች መጡ፤ የመምረጥ መብት የሌለው ሰው ሁሉ ፊርማውን አኖረበት። ምክር ቤቱ ይህን አይቶ ንግዱ ይቅር አለ፣ ግን ቀስ በቀስ የምትል ቃል ጨመረባት። መሳፍንቱ ደግሞ ምስክር እንሰማለን እያሉ አጓተቱትና ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ።

ከሁሉ የሚያናድደው የ1796ቱ ነው። ረቂቁ ሁለቱን ንባብ አልፎ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ድምፁ ሲቆጠር 74 ለ70 ሆነ፤ በአራት ሰው ወደቀ። ከደጋፊዎቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ለካ ኦፔራ ሊያዩ ሄደው ኖሯል። ውጤቱን ለመለወጥ የሚበቁ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ኦፔራቸውን አይተው ቤታቸው ሲገቡ፣ መርከቦቹ ሰው እየጫኑ አትላንቲክን መሻገራቸውን ቀጠሉ፤ ለተጨማሪ አሥራ አንድ ዓመት።

በ1807 ዘዴው ተለወጠ። ረቂቁ አስቸጋሪ ከነበረው ከመሳፍንቱ ምክር ቤት ተጀመረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ግሬንቪል ራሱ አቀረበው። ወደ ሕዝብ ምክር ቤት ሲመጣ 283 ለ16 አለፈ። ዊልበርፎርስ ያን ሌሊት ተቀምጦ አለቀሰ ይባላል።

ሰውዬው ፍጹም አልነበረም። ሠራተኞች ደሞዝ ለማስጨመር እንዳያብሩ የከለከለውን የ1799 ሕግ ደግፏል፤ እኔ ይሄ አይዋጥልኝም።

የ1807ቱ ሕግ ንግዱን እንጂ ባርነቱን አላስቀረም። ዊልበርፎርስ በሕመም ምክንያት በ1825 ፓርላማውን ለቀቀና ትግሉን ሌሎች ቀጠሉት። ባርነትን የሚያስቀረው ረቂቅ በሕዝብ ምክር ቤት ማለፉ እንደማይቀር የሰማው አልጋ ላይ ሆኖ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጁላይ 29 ቀን 1833 ዐረፈ። ያ ሕግ ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ። ባሪያ ሆነው ለኖሩት ግን ምንም አልተከፈለም።