ልጆች የከሰሱት ዶክተር

ስለ ያኑሽ ኮርቻክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው አሟሟቱ ነው። በናዚዎች ዘመን ከሚያሳድጋቸው ልጆች ጋር አብሮ ወደ ሞት የሄደ ፖላንዳዊ ሐኪም ይባላል። ልክ ነው። ለእኔ ግን ከአሟሟቱ ይልቅ አኗኗሩ የሚያስተምር ይመስለኛል። ምክንያቱም ኮርቻክ ዛሬም መምህራንን የሚያስቸግር ጥያቄ ይዞ ነው የኖረው። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ፣ ሕፃንም አዋቂም ያልሆነው ማለት ነው፣ ከአስተማሪው የሚፈልገው ምንድን ነው?

እውነተኛ ስሙ ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስሙ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ዋርሶ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ስለነበሩ ኑሯቸው ደህና ነበር። ይሁን እንጂ እሱ ገና ተማሪ ሳለ አባቱ የአእምሮ ሕመም ያዛቸውና ቤቱ ተናጋ። ልጁም ሌሎች ልጆችን እያስጠና በሚያገኘው ገንዘብ እናቱን መርዳት ጀመረ። ጎረምሳ ኃላፊነት ሲሰጠው ምን ሊሠራ እንደሚችል መጀመሪያ ያየው በራሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሕክምና ተምሮ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት በሐኪምነት ዘመተ። በሕፃናት ሆስፒታልም ሠራ። በ1912 ግን በዋርሶ ክሮክማልና በሚባል መንገድ ላይ የተከፈተውን የአይሁድ ሕፃናት ማሳደጊያ ሊመራ ሆስፒታሉን ተወ። ቤቱ ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 100 ያህል ልጆች የሚኖሩበት ነበር። የዕለት ተዕለቱን ሥራ ከእሱ ጋር ይዛ የቆየችው ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ናት።

በዚህ ቤት በጣም የገረመኝ የልጆቹ ፍርድ ቤት ነው። ዳኞቹ አምስት ልጆች ሲሆኑ በዕጣ ይመረጣሉ፤ ዕጣው ውስጥ የሚገባው በሳምንቱ ያልተከሰሰ ልጅ ነው። ኮርቻክ ያዘጋጀው ሕግ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ 99 ድረስ ያለው በነጻ የሚያሰናብት ወይም ይቅር የሚል ነው። ጥፋተኛ የሚለው ከ100 ይጀምርና መጨረሻው 1000 ከቤቱ ያስወጣል። ታዲያ ልጅ ልጅን ብቻ አይደለም የሚከሰው፣ አሳዳጊዎችም ይከሰሳሉ። ኮርቻክ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን በራሱ ለፍርድ ቤቱ አቅርቧል። አንዱ ክስ የአንድ ልጅ ጆሮ መትቷል የሚል ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተሳካ ነበር ለማለት አይደለም። ልጆቹ በማይረባ ነገር ሁሉ መካሰስ ስላበዙ ኮርቻክ ፍርድ ቤቱን ለአራት ሳምንት ዘግቶት ነበር። ነገር ግን አልሆነም ብሎ አልተወውም፣ አሻሽሎ መልሶ ከፈተው። ሌላም ነገር ነበረው። አዲስ የመጣ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ ትልቅ ልጅ ይመደብለትና ያ ልጅ ስለ እሱ ይጠየቃል። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከምክር ይልቅ የሚፈልገው እውነተኛ ሥራ እንደሆነ ኮርቻክ የገባው ይመስለኛል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የሚነካን ሌላው ሥራው ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1926 ናሽ ፕሼግሎንድ ከተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር ዓርብ ዓርብ የሚወጣ የልጆች ጋዜጣ ጀመረ። ማዊ ፕሼግሎንድ ይባላል። ጸሐፊዎቹ ልጆችና ጎረምሶች ናቸው። ጽሑፍ የሚከብደው ልጅ መጥቶ በቃሉ ቢናገር ይጻፍለታል። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወላጅ፣ ስለ አስተማሪ በደል ሳይቀር ይጻፍ ነበር። የመጨረሻው ዕትም የወጣው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ዕለት ነው።

በ1940 ማሳደጊያው ወደ ዋርሶ ጌቶ እንዲገባ ተገደደ። ኮርቻክን ከዚያ ሊያስወጡት የፈለጉ ወዳጆች ነበሩ፣ እሱ ግን እምቢ አለ። በኦገስት 1942 መጀመሪያ እሱ፣ ስቴፋኒያና 200 ያህል ልጆች ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው ተገደሉ። ይህ በአንድ ቀን የመጣ ጀግንነት አይመስለኝም። 30 ዓመት ሙሉ ልጆቹን እንደ ሰው የቆጠረ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ልጆች ናቸው ብሎ ጥሏቸው ሊሄድ አይችልም።

በ1978 ስለ ሕፃናት መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ይደረግ ብላ ሐሳብ ያቀረበችው ፖላንድ ናት። ስምምነቱ በ1989 ሲጸድቅ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማለት ይላል። ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች።

እንግዲህ ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍላችን እንምጣ። ለተማሪ የምንሰጠው ሥልጣን የክፍል አለቃ መሆን ነው፤ የአለቃው ዋና ሥራ ደግሞ የረባሽ ስም መጻፍ ነው። ልጁ ያሳጣል እንጂ አይዳኝም። የሚቀጣው አስተማሪው ነው፣ አስተማሪው ሲያጠፋ ደግሞ ስሙን የሚጽፍ የለም። ተማሪው ብዙ ስለሆነ አይቻልም የሚሉ ይኖራሉ። ኮርቻክ ጋም 100 ልጆች ነበሩ። የሚከብደው የተማሪው ብዛት ሳይሆን አስተማሪው እኔም እከሰሳለሁ ብሎ መቀመጡ ይመስለኛል።