አፄ ቴዎድሮስና የረገጡት መሬት

እኔ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን እዚህ በኒ ማሊክ፣ አርብ ቀን ቡና ስንጠጣ ነው። አንዲት የመቅደላ አካባቢ ልጅ የበሽሎን ቁልቁለትና ዳገት በእግር መውጣት ምን እንደሆነ አጫወተችን። እስቲ እናንተም አገሩን እያሰባችሁ ተከተሉኝ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለዱ። ቋራ ከጣና በስተምዕራብ፣ ከሱዳን የሚዋሰን ቆላ ነው። የጎንደር መኳንንት እጅ እዚያ ድረስ እንደልብ አይደርስም፤ ስለዚህ ካሳ ሸፍተው ጦር ያደራጁት በዚያ በረሃ ነው። ጠረፍ ስለሆነ ደግሞ ከግብፅ ጦር ጋር ተገናኙ። በ1840 ደባርቂ ላይ በመድፍ ተመቱ። ከዚያ ወዲያ መድፍ ከልባቸው አልወጣም።

በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ነገሡ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የፈረንጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ሠሩላቸው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ነው። እኛ እኮ አንድ ካርቶን ውሃ ሦስተኛ ፎቅ ስናወጣ ወገባችን ይቆረጣል! ከደብረ ታቦር መቅደላ በካርታ ቅርብ ይመስላል፤ መሀሉ ግን ገደል ነው። መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው።

በዚያን ጊዜ ብዙው አገር ከድቷቸዋል። እሳቸውም ጨክነው ጎንደርን አቃጥለው ነበር። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ሊያስፈቱ ዙላ ላይ ወረዱ፤ ከጅዳ ዳርቻ ቆመን ከምናየው ከዚሁ ከቀይ ባሕር ማዶ ማለት ነው። የትግራዩ ካሳ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ አሳለፏቸው። መቅደላ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ጥሩ ምሽግ ነበር፤ ግን የወሎ ባላባቶችም ጠላት ስለሆኑባቸው መውጫ አጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ።

ታድያ እኛ ከ10ኛ ክፍል የቀረን፣ ታሪክ አናውቅም አንበል። ያደግንበትን ወንዝና ዳገት እናውቃለን፤ የታሪኩ ግማሽ እሱ ነው። እዚህ የሚወለዱ ልጆቻችን ግን አላዩትም፤ ካልነገርናቸው ከእኛ ጋር ይቀራል። በሚመጣው አርብ ቡናው ሲፈላ እያንዳንዳችሁ የሰፈራችሁን ወንዝ ስምና ማን እንደተሻገረው ንገሩን።