ከአል-ሂላል ጋዜጣ እስከ ሚኒስትርነት ወንበር

ከጋዜጣ አዘጋጅነት ተነስተው ለሥልጣን የበቁ ሰዎች በታሪክ ጥቂት አይደሉም። የሕንዱ መውላና አቡል ከላም አዛድ ግን በጋዜጣቸው ያፈሯቸውን አንባቢዎች በፖለቲካው ሳቢያ አጥተው፣ እነዚያው ወገኖች ጭንቅ ውስጥ በወደቁ ጊዜ አብረዋቸው የተገኙ ሰው ናቸው።

አዛድ እ.ኤ.አ. በ1888 በመካ ተወለዱ። አባታቸው በርካታ ሙሪዶች የነበሯቸው ሕንዳዊ ዓሊም፣ እናታቸው ደግሞ ዐረብ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ካልካታ ተመለሰ። አባትየው በዘመናዊ ትምህርት ላይ እምነት ስላልነበራቸው ልጃቸውን ዐረብኛና ፋርሲ፣ ፊቅህና መንጢቅ ቤት ውስጥ አስተማሯቸው። ኋላ የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ሰው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም ማለት ነው። አዛድ የብዕር ስማቸው ሲሆን ትርጉሙም ነፃ ማለት ነው።

አል-ሂላል የተሰኘውን ሳምንታዊ የኡርዱ ጋዜጣ በጁላይ 1912 ሲመሠርቱ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ የኡርዱ ጋዜጦች በእጅ ጽሕፈት ተዘጋጅተው በድንጋይ ማተሚያ ይታተሙ ነበር። አል-ሂላል ግን በፊደል ለቀማ፣ ከነፎቶግራፉ፣ ጥራት ባለው ኅትመት ወጣ። ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ይዘቱ ነው። የጊዜው የሙስሊም መሪዎች ለእንግሊዝ ታማኝ መሆን ይበጀናል ሲሉ አዛድ በተቃራኒው ለነፃነት መታገልና ከሂንዱው ጋር መተባበር ከእስልምና የሚመነጭ ግዴታ ነው ብለው ተከራከሩ። እርሳቸው ኋላ እንደጻፉት ጋዜጣው በሁለት ዓመት ውስጥ በሳምንት 26,000 ቅጂ ይሸጥ ነበር።

ቅኝ ገዢዎቹ ሐሳብን በሐሳብ ከመርታት ይልቅ ማተሚያ ቤትን በገንዘብ ማነቅ እንደሚቀል ያውቁ ነበር። (ይህ ዘዴ የእንግሊዞች ብቻ አለመሆኑን አንባቢ አይስተውም።) በ1910ሩ የፕሬስ ሕግ መሠረት 2,000 ሩፒ ዋስትና አስይዘው ወረሱ፤ ቀጥሎም 10,000 ጠየቁ። አል-ሂላል በ1914 ተዘጋ። አዛድ በማግስቱ ዓመት አል-በላግን ቢያቋቁሙም በ1916 ከቤንጋል ተባርረው እስከ 1919 መጨረሻ ራንቺ ላይ በግዞት ተቀመጡ።

ከግዞት እንደወጡ ከጋንዲ ጋር ተገናኙ፤ የኺላፋ ንቅናቄንም መሩ። በ1924 ቱርኮች ራሳቸው ኺላፋውን ሲሽሩ ንቅናቄው መሠረቱ ተናደ፤ አያሌ የትግል ጓዶቻቸውም ከጊዜ በኋላ ከኮንግረስ ፓርቲ ራቁ። አዛድ ግን አልራቁም። አል-ሂላልም በ1927 ለጥቂት ወራት ዳግም ታትሞ ቀረ።

በማርች 1940 አዛድ የኮንግረስ ሊቀ መንበር ሆነው ጉባዔ ሲመሩ፣ በዚያው ወር ሙስሊም ሊግ ላሆር ላይ ለሙስሊሙ የተለየ አገር የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ጂናህ እርሳቸውን የኮንግረስ ማሳያ አሻንጉሊት አድርገው ዘለፏቸው። በ1942 እንግሊዞች እንደገና አሰሯቸው፤ በአሕመድናጋር ምሽግ ሳሉ በ1943 ባለቤታቸው ዙለይኻ ካልካታ ውስጥ አረፉ። አዛድ ሊጠይቋቸው እንዲፈቀድላቸው አሳሪዎቻቸውን አልለመኑም።

አገሪቱ በ1947 ተከፈለች። የዴልሂ ሙስሊሞች ግድያ ሸሽተው በየመጠለያው ታጉረው፣ ብዙዎቹም ለስደት በተነሱበት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር አዛድ በጃሚዕ መስጊድ ንግግር አደረጉ። ለዓመታት ሲጣሩ ሰሚ ማጣታቸውን በምሬት አስታወሱ። ነገር ግን በዚያ አላበቁም፤ የአገሩ ባለቤት መሆናቸውን አስገንዝበው እንዳይሰደዱ ተማጸኗቸው። ክፍፍሉ ይገባ ነበር አይገባም የሚለው ሙግት ዛሬም አልተዘጋም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን በሕንድ ለቀሩት ከ35 ሚሊዮን ለማያንሱ ሙስሊሞች የዚያን ዕለቱ ንግግር ከማንኛውም የሚኒስትርነት ሥራቸው ይበልጣል።

በሚኒስትርነት ዘመናቸው የካራግፑር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1951፣ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን በ1953 ተቋቁመዋል። በሥልጣን ላይ እንዳሉ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1958 አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በዴልሂ ጃሚዕ መስጊድ አጠገብ ነው።

ከመሞታቸው በፊት የትግሉን ዘመን ትዝታቸውን ተርከው አጽፈው ነበር። ከዚያ ውስጥ 30 ያህል ገጽ ለ30 ዓመት ታሽጎ እንዲቆይ አደረጉ። በ1988 ሲከፈት በኔህሩ ውሳኔዎች ላይ ያልተሸፋፈነ ትችት ተገኘበት። ኔህሩ ከሞቱ 24 ዓመት አልፏቸው ነበር።