ኦሌግ ሎሴቭ፦ ቀዝቃዛውን ብርሃን የመረመረው ተላላኪ

ዛሬ በደባርቅ፣ በዳባትም ሆነ በመካነ ብርሃን አካባቢ ገጠሮች በፀሐይ የሚሞላው መብራት ኩራዝን እየተካ ነው። በውስጡ ያለችው ኤልኢዲ የምትባለዋ ትንሽ ነገር ግን ታሪኳ ረጅም ነው። ከታሪኳ ጋር ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎሴቭ በ1903 በትቬር ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሬዲዮ ነገር ልቡን ወስዶት ነበር። በኒዥኒ ኖቭጎሮድ የሬዲዮ ላቦራቶሪ ሲቀጠር ሥራው ተላላኪነት ነበር፤ እሱ ግን ክሪስታሎችን ይመረምር ጀመር። በ1922 የሬዲዮ ሞገድ የሚያጎላ ክሪስታል አገኘ። ቀጥሎም ኤሌክትሪክ ያለፈበት የካርቦረንደም ክሪስታል ሲያበራ ተመለከተ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ ይህንኑ በ1907 አይቶ አጭር ማስታወሻ አሳትሞ ነበር። ሎሴቭ ግን ለምን ብሎ ጠየቀ። ብርሃኑ እንደ አምፖል ከመጋል የመጣ ይሆን? ይህን ለማወቅ ክሪስታሉ ላይ ቤንዚን ጠብ አደረገ። ክሪስታሉ ግሎ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ቶሎ ይተን ነበር፤ አልፈጠነም። ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። ከ1927 ጀምሮ ውጤቱን አሳተመ።

ታዲያ ይህ ብርሃን ከሙቀት አይወለድ እንጂ ሙቀት አይስማማውም። ኤልኢዲ ስትሞቅ ብርሃኗ ይቀንሳል። አንዱ መብራት በስሜን ብርድ ደመቅ፣ በተከዜ ቆላ ፈዘዝ ሊል ይችላል። ቮልቴጁ ብቻ እኩል ከተያዘ ደግሞ ስትሞቅ የምትስበው ከረንት ይጨምራል፣ ይህም ይበልጥ ያሞቃታል። ስለዚህ ከረንቱ እንዳይለዋወጥ ይደረጋል፤ ሙቀቱም በአልሙኒየም በኩል ይወጣል። አንዳንዱ መብራት ሙቀት እየለካ ከረንቱን ያስተካክላል።

ሎሴቭ በ1938 የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይከላከል የሳይንስ ዲግሪ ተሰጠው። በጃንዋሪ 1942 ግን ሌኒንግራድ በጦር ተከባ ሳለች በረሃብ ሞተ፤ ገና 38 ዓመቱ ነበር። ነጭ የኤልኢዲ መብራት እንዲሠራ ያስቻለው ሰማያዊው ኤልኢዲ በ2014 ሦስት ሳይንቲስቶችን ለኖቤል አብቅቷል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል። ብርሃኑን አስቀድሞ ያየው ራውንድ ነው፤ ከየት መጣ ብሎ ዓመታት የተከታተለው ግን ተላላኪው ነው።