ቴዎዶር ፎን ካርማንና የነፋስ አዙሪት

የአይሮፕላን ክንፍ በነፋስ ውስጥ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የቴዎዶር ፎን ካርማንን ስም ሳያገኝ አያልፍም። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን የዚህን ሊቅ ሕይወት በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ካርማን በ1881 ዓ.ም. በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። ገና በስድስት ዓመቱ ትልልቅ ቍጥሮችን በቃሉ እያባዛ እንግዶችን ያስደንቅ ነበር። አባቱ ግን የትምህርት ሊቅ ስለ ነበረ ልጁ የሰው መደነቂያ ሆኖ እንዳይቀር በመስጋት ሒሳቡን አስተወውና ታሪክና ጂኦግራፊ እንዲያነብ አደረገው። (እንዲህ ያለ አባት የሚመኙ በክፍላችን ጥቂቶች አይደሉም።) ኋላም አባቱ ባቋቋመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያ ሒሳብ እንዲሁ አይሸመደድም ነበር፤ ተማሪዎቹ የአገራቸውን የየዓመቱን የስንዴ ምርት በሠንጠረዥ እያሰፈሩ ሕጉን ራሳቸው ይፈልጉት ነበር።

ዝናው የተነሣው በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1911 ዓ.ም. ነው። ከፕሮፌሶር ፕራንትል ተማሪዎች አንዱ፣ ሂመንትስ የሚባለው፣ የሚፈስ ውሃ በክብ ዘንግ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ለመለካት ይደክም ነበር። ውሃው ግን አንድ ቀን እንኳ ረግቶ አልፈሰሰለትም፤ ከዘንጉ ኋላ ይወዛወዝ ነበር። ዘንጉ በደንብ አልከበበም ተባለና እንደገና አስተካከለው፤ ቦዩ ጐድሏል ተባለና አቃናው፤ ውዝዋዜው አልቀረም። ካርማን በየማለዳው እየመጣ ውሃው ረግቶ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ ያ ምስኪን ተማሪም ዛሬም እንደሚወዛወዝ በኀዘን ይመልስለታል።

ሌሎቹ የሥራ ጕድለት ያሉትን ነገር ካርማን የውሃው የራሱ ጠባይ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ ቢያሰላው፣ አዙሪቶቹ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ እየተፈራረቁ ሲወጡ ሰልፋቸው እንደሚጸና፣ ጐን ለጐን ሆነው ቢወጡ ግን እንደሚፈርስ አገኘ። በተፈራረቁም ቍጥር ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ይገፉታል። አዙሪቶቹን ከርሱ በፊት ያዩ ሊቃውንት ነበሩ፤ በሒሳብ የገለጣቸው ግን እርሱ ነው።

በ1930 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በካሊፎርኒያ የአይሮፕላን ምርምር ላቦራቶሪ ኀላፊ ሆነ። በኖቬምበር 7 ቀን 1940 ዓ.ም. የታኮማ ድልድይ፣ በተከፈተ በአራት ወሩ፣ በሰዓት 64 ኪሎሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ እየተጠማዘዘ ወደቀ። ካርማን ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆኖ፣ ድልድይ ሠሪዎች ስለ ነፋስ ከአይሮፕላን ሠሪዎች መማር እንዳለባቸው አጥብቆ ተከራከረ። ለአደጋው የሰጠውን የአዙሪት ምክንያት ግን የዛሬ ሊቃውንት እንዳለ አይቀበሉትም፤ ጥምዘዛው ራሱ ከነፋሱ ኀይል እየወሰደ ይባባስ ነበር ይላሉ። የአይሮፕላንን ክንፍ የሚሰብረውም ይኸው ነው።

ዛሬ መሐንዲሶች በሚንቀጠቀጥ ክንፍ ዙሪያ ያለውን አየር በኮምፒዩተር በብዙ ሺህ ትንንሽ ክፍሎች ከፍለው፣ የእያንዳንዱን ፍጥነትና ግፊት በየቅጽበቱ ያሰላሉ፤ ክንፉ ሲንቀሳቀስም ሒሳቡ ይደገማል። እንዲህ ያለውን የሒሳብ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚፈትኑት በዚያው በክብ ዘንግ ነው፤ አዙሪቶቹ ተፈራርቀው መውጣት በሚገባቸው ፍጥነት ካልወጡ፣ ስሕተት እንዳለ ያውቃሉ።

ካርማን በፌብሩዋሪ 1963 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ እጅ የአገሪቱን የሳይንስ ሜዳይ ከሁሉ አስቀድሞ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት በሜይ 6 ቀን፣ ቀድሞ ባስተማረባት በአኽን ከተማ ዐረፈ።